ቴክኒሺያን የሌለበት አዳራሽ፦ ማንም እንዲያበራው ምን ይግባለት?

ሐይቅ_ዳር
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ሀዋሳ 120 ሰው ለሚይዝ የስልጠና አዳራሽ የድምፅና የምስል ዕቃ ሊገዛ ነው። ርዝመቱ 16 ሜትር፣ ወርዱ 9፣ ጣሪያው 3.2። አንዱ ጎን ሙሉ በሙሉ መስኮት ነው፣ ወለሉ ሴራሚክ። ከሰኞ እስከ ዓርብ አሰልጣኞች ላፕቶፕ ይዘው ይመጣሉ፤ ቅዳሜና እሁድ የእድርና የማኅበር ስብሰባ ነው። ቋሚ ቴክኒሺያን የለም፣ በሩን ከፍቶ ዕቃውን የሚያበራው ጥበቃው ነው። የመጣው ፕሮፎርማ ባለ 24 ቻናል ሚክሰር (የማይክና የላፕቶፕ ድምፅ የሚያቀላቅል ዕቃ)፣ ሁለት ትልልቅ ስፒከር፣ ፕሮጀክተርና በጣት የሚነካ መቆጣጠሪያ ስክሪን ይላል። ምን ይቀነስ፣ ምን ይጨመር?

ሽቦና_ጃክ
24 ቻናሉን ተዉት። የሚያስፈልጋችሁ አራት ማይክና የላፕቶፕ ድምፅ ነው። የተረፈው ቁልፍ ሁሉ ሰው የሚነካካው ቁልፍ ነው፦ አንዱ ጌይን (የማይኩን የመልቀም ኃይል) ይጨምራል፣ ሌላው ኢኮ ይለቃል፣ ሰኞ ጠዋት ማይኩ ሲያፏጭ ማን ምን እንደነካ አይታወቅም። ዲሌይ (ድምፅ ማዘግያ) ያለው ትንሽ ዲጂታል ሚክሰር ግዙና የተቆለፈ ሳጥን ውስጥ አስገቡት። ውጭ የሚቀረው አንድ ማብሪያና አንድ የድምፅ መጨመሪያ ብቻ ይሁን። መጨመሪያው ጥግ ድረስ ቢዞር እንኳ ማፏጨት ከሚጀምርበት 6 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ዝቅ ብሎ እንዲቆም ይገደብ።

ማይክ ላይ ደግሞ ሰው በትክክል ይይዘዋል ብላችሁ አትነሱ። ከከንፈር 5 ሳንቲሜትር ላይ የነበረ ማይክ ወደ ደረት ወርዶ 40 ሳንቲሜትር ሲርቅ 18 ዴሲቤል ያህል ይጠፋል። ከኋላ «አይሰማም!» ይባላል፣ ጥበቃው ይጨምራል፣ ጩኸቱ ይከተላል። ሌላው እንደ ዘፋኝ ወንፊቱን በመዳፉ ጠቅልሎ ይይዛል፤ የኋላ ድምፅ የሚያስቀሩት ቀዳዳዎች ስለሚደፈኑ ማይኩ ከየአቅጣጫው መልቀም ይጀምራል። ለሰብሳቢው ጠረጴዛ ላይ የሚቆም ባለ አንገት ማይክ፣ ለአሰልጣኙ ጆሮ ላይ የሚንጠለጠል፣ ለጠያቂዎች ሁለት የእጅ ይበቃል። ሽቦ አልባዎቹ ሲቀመጡ ራሳቸው ቻርጅ የሚያደርጉ ይሁኑ። ባትሪ ድንጋይ መቀየር የሚያስታውስ ሰው አይኖርም።

ስፒከር ሁለት ብቻ ከፊት መስቀሉ ስህተት ነው። 2 ሜትር ላይ በተቀመጠና 14 ሜትር ላይ በተቀመጠ ሰው መካከል በቀጥታ የሚደርሰው ድምፅ 17 ዴሲቤል ገደማ ይለያያል፤ ፊተኛው ሲደነቁር ኋለኛው ቃል አይለይም፣ ሴራሚኩም ያስተጋባል። ሁለት መካከለኛ ከፊት፣ ሁለት ትናንሽ ደግሞ ከእነሱ 8 ሜትር ርቀው ግድግዳ ላይ ይሁኑ። ድምፅ 1 ሜትር ለመሄድ 2.9 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል፣ ለ8 ሜትር 23። ድምፁ ከፊት የመጣ እንዲመስል 10 ጨምሩበትና የኋለኞቹን ዲሌይ 33 ሚሊሰከንድ ላይ አድርጉት። ያለዚያ ንግግሩ ተደራርቦ ይሰማል።

ነጭ_ግድግዳ
ስለ ምስሉ እኔ ልበል። ጽሑፍ ከኋላ እንዲነበብ የምስሉ ቁመት ከመጨረሻው ተቀማጭ ርቀት አንድ ስድስተኛ ያህል መሆን አለበት። 14 ሜትር ለ6 ሲካፈል 2.3 ነው። ግን የስክሪኑ ግርጌ ከወለል 1.2 ሜትር ካልራቀ የፊተኞቹ ጭንቅላት ይሸፍነዋል፤ በእናንተ ጣሪያ ከላይ ትንሽ ክፍተት ተትቶ የሚተርፈው 1.9 ነው። እሱ እስከ 11 ሜትር ድረስ ያገለግላል። ለቀሩት ረድፎች ግራና ቀኝ ግድግዳው ላይ 10 ሜትር አካባቢ ባለ 65 ኢንች ቲቪ ስቀሉ።

መስኮቱን ሳትጋርዱ ትልቅ ፕሮጀክተር መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። የ4,000 ሉመን (ፕሮጀክተሩ የሚያወጣው ብርሃን መለኪያ) ፕሮጀክተር 1.9 በ3.4 ሜትር ስክሪን ላይ 620 ሉክስ (የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ) ያህል ያሳርፋል። የቀን ብርሃኑ ስክሪኑ ላይ 300 ሉክስ ከሆነ ነጩ ከጥቁሩ የሚበልጠው ሦስት እጥፍ ብቻ ነው፣ ፊደሉ ግራጫ ይሆናል። በወፍራም መጋረጃ 40 ሉክስ ካደረሳችሁት 16 እጥፍ ይሆናል። ቢያንስ ለስክሪኑ ቅርብ የሆኑት ሁለት መስኮቶች ይጋረዱ።

ሐይቅ_ዳር
እግዜር ይስጥልን። ከመድረኩ እስከ ፕሮጀክተሩ ገመዱ 20 ሜትር ይሆናል። መብራትም ይጠፋል፣ ጄኔሬተር እስኪነሳ ጥቂት ደቂቃ አለ።

ምድር_ሽቦ
ተራ ኤችዲኤምአይ (የላፕቶፕ ምስል ገመድ) 20 ሜትር አትዘርጉ፤ ከ10–15 ሜትር በኋላ ምስሉ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ያውም በአንዱ ላፕቶፕ እየሠራ በሌላው እንቢ ይላል። በካት 6 (በኔትወርክ) ገመድ የሚሠራ ኤክስቴንደር፣ ማለትም ምስሉን ሩቅ የሚያደርስ ዕቃ፣ ይሻላል፤ ጫፉ ቢበላሽ ማንኛውም የኔትወርክ ባለሙያ ይቀይረዋል። ገመዱን ስትገዙ የአንዱን ሽቦ ጫፍ በምላጭ ፋቅ አድርጉት፦ ከቀዩ ሥር ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ መልሱት።

መድረኩ ላይ የሚሰካው ሌላ የ3 ሜትር አጭር ገመድ ይሁን። የሚሰበረው እሱ ነው፣ በርካሽ ይቀየራል፣ ሁለት ትርፍ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ። የዩኤስቢ ሲ አዳፕተሩን በሽቦ እሰሩት፣ ካልታሰረ በሳምንት ውስጥ የለም። ኤክስቴንደሩ ለላፕቶፖች ሁሉ 1080 የሚባለውን የምስል ጥራት ብቻ እንዲያሳውቅ ይስተካከል፤ 4ኬ (ከዚያ ከፍ ያለ ጥራት) የሚልክ ላፕቶፕ ሲመጣ «ምስል የለም» የሚለው ጭቅጭቅ አይነሳም።

የላፕቶፕ ቻርጀር ሲሰካ «እምምም» የሚል ድምፅ ከመጣ በድምፅ መስመሩ ላይ መለያ ትራንስፎርመር ይግባ። የሶኬቱን ምድር ሽቦ ቆርጦ ዝም ማሰኘት የተለመደ ነው፣ አታድርጉት፤ ማይክ የያዘውን ሰው ሊነዝረው ይችላል።

ለመብራቱ፦ ሚክሰሩ፣ የማይክ ሪሲቨሮቹ፣ ኤክስቴንደሩና ፕሮጀክተሩ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚይዝ ዕቃ) ላይ ይሁኑ። ባለ አምፖል ፕሮጀክተር በድንገት ሲጠፋ ፋኑም ስለሚቆም አምፖሉ ይጎዳል። ከዩፒኤሱ በፊት፣ ለፍሪጅ እንደምትገዙት ዓይነት፣ መብራት ሲመለስ ጥቂት ጠብቆ የሚለቅ መከላከያ አድርጉ። ስፒከሮቹ መጨረሻ በርተው መጀመሪያ ይጥፉ፣ ካልሆነ «ዷ!» ይላሉ። ይህን ጥበቃው እንዲያስታውሰው አትጠብቁ፣ በአንድ ቁልፍ ተራ በተራ የሚያበራ ሲኩዌንሰር አለ።

አንድ የሚረሳ ነገር፦ ሀዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ብዙ ፕሮጀክተሮች ከ1,500 ሜትር በላይ ሜኑአቸው ውስጥ «ከፍተኛ ቦታ» የሚለው መብራት አለበት ይላሉ፣ አየሩ ስለሚሳሳ ፋኑ መፍጠን አለበት። ሳይበራ ሲቀር ከሰዓት ሲሞቅ ራሱን ያጠፋል፤ ሰው ግን ዕቃው ተበላሸ ይላል።

ሽቦና_ጃክ
የሚነካው ስክሪን ሳይነሳ ቀርቶ ነበር፦ እሱም ይቅር። ሶፍትዌሩ ሲቆም አዳራሹ በሙሉ ይቆማል፣ የሚያስተካክለው ደግሞ ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ብቻ ነው። በምትኩ እውነተኛ ቁልፎች ይሁኑ፤ በላያቸው «አብራ»፣ «ላፕቶፕ»፣ «ድምፅ» ተብሎ በአማርኛና በሲዳምኛ፣ ከነሥዕሉ። «ኢንፑት 2» የሚል ጽሑፍ ለማንም ምንም አይነግርም። ርክክቡ ላይ ዕቃውን ጥበቃው ብቻውን ያብራና ያጥፋ፣ የገጠመው ሰው እጁን ኪሱ ከትቶ ይይ። ጥበቃው ግራ ገብቶት የቆመበት ነገር ነው የሚስተካከለው፤ የመጨረሻውን ክፍያ ከዚያ በኋላ ልቀቁ።