ድርብ ፊደል ያለበት ሳንቲም፦ ደብልድ ዳይ ነው ወይስ የማሽን ድርብ?

ናስ ለቃሚ
ሰላም ለሁላችሁ። የ1969 ዓመት፣ ኤስ ምልክት (የማተሚያ ቤቱ ፊደል) ያለበት የአሜሪካ ባለ ሊንከን 1 ሳንቲም ነው (ዓመቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር)። 6ቱና 9ኞቹ በቀኝ በኩል ጥላ የያዙ ይመስላሉ፤ ከሥራቸው ያለችው ኤስም እንዲሁ። "ሊበርቲ" የሚለው ግን ንጹሕ ነው። በስልክ ፎቶ ድርቡ ፍጥጥ ብሎ ይታያል፤ በአጉሊ መነጽር ሲያዩት ግን ጠፍጣፋ ነገር ነው። ደብልድ ዳይ (ሳንቲሙን የሚያትመው ብረት፣ ዳዩ፣ ራሱ ሁለት ምስል የያዘበት) ልበለው ወይስ የማሽን ድርብ? በምንስ ይለያል?

ባለ አሥር እጥፍ
ወንድሜ፣ መልሱ ኤሷ ላይ ነው። በ1 ሳንቲም ላይ የማተሚያ ቤቱ ፊደል እስከ 1989 ድረስ ዳዩ ላይ የሚመታው ለብቻው፣ በእጅ፣ ሌላው ምስል ተቀርጾ ካለቀ በኋላ ነበር። ደብልድ ዳይ የሚፈጠረው ከዚያ በፊት ነው። ምስሉ ጎልቶ የወጣበት ሀብ የሚባል ብረት ዳዩ ላይ በኃይል ይጫናል። ብረቱ በግፊቱ ስለሚጠነክር በእሳት ይለሰልስና እንደገና ይጫናል። ሁለተኛው ጭነት ጥቂት ዞር ብሎ ካረፈ ዳዩ ሁለት ምስል ይዞ ይቀራል፤ ከዚያ ዳይ የሚወጣ ሳንቲም ሁሉ ያንኑ ድርብ ይወርሳል። ኤሷ በዚያ ሰዓት ገና አልነበረችም። ስለዚህ ቀኑም ኤሷም ወደ አንድ አቅጣጫ ከተደረቡ፣ ሁለቱን አብሮ የገፋቸው ሳንቲሙ ሲመታ የሆነ ነገር ነው፤ የማሽን ድርብ የምንለው እሱን ነው።

የእውነተኛው 1969 ኤስ ድርብ በቀኑ፣ በ"ሊበርቲ" እና በ"ኢን ጎድ ዊ ትረስት" ላይ አፍ አውጥቶ ይናገራል፤ ኤሷ ነጠላ ናት። ያንተው ተገላቢጦሹ ነው። ኤሷ ብቻዋን ተደርባ ቢሆን ኖሮ ፊደሏ ሁለቴ ተመትታለች እንል ነበር፤ እሱ ሌላ ዓይነት ነው።

ጠርዝ
ከላይ ያለው ትክክል ነው፤ ግን ምልክት ፊደል የሌለበት ሳንቲም ሲገጥምህ (1955ም 1972ም ዝነኞቹ ድርቦች ምልክት የላቸውም) ሌላ መለያ ያስፈልግሃል። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ፊደሉ ላይ ተጨመረ ወይስ ከፊደሉ ተቀነሰ?

የማሽን ድርብ ይቀንሳል። ዳዩ በማሽኑ ውስጥ ላላ ካለ፣ መትቶ ሲላቀቅ ሸርተት ይላል፤ ገና የወጣውን ፊደል ጎኑን ይጨፈልቀዋል። የተጨፈለቀው ወገን ከሜዳው (ፊደል ከሌለበት የሳንቲሙ ለጥ ያለ ወለል) ብዙም ከፍ ሳይል እንደ ደረጃ ተኝቶ ያብለጨልጫል፣ ከላይ የቀረው ፊደልም ይቀጥናል። ድርቡን ትተህ የላይኛውን ብቻ ከዚያው ዓመት ጤነኛ ሳንቲም ጋር አስተያየው፤ ከሳ ካለ ጉዳዩ አለቀ።

ደብልድ ዳይ ግን ይጨምራል። ሁለቱም ምስሎች ክብ ትከሻ አላቸው፣ ፊደሉ ይወፍራል፣ በመካከላቸው ቦይ ይታያል። ማዕዘኖቹን እይ፦ የፊደሉ እግር ጫፍ እንደ እባብ ምላስ ለሁለት ይሰነጠቃል። ይህን መጨፍለቅ አይሠራውም።

ስልኩ ያሳሳተህ ጠፍጣፋዋ ደረጃ ብርሃን ስለምትመልስ ነው። አንድ መብራት ብቻ፣ ከጎን ዝቅ አድርገህ፣ ሳንቲሙን ቀስ እያልክ ዙሪያውን አዙረው። 10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ጭረቱ ሁሉ ድርብ መምሰል ይጀምራል።

ሽርፍራፊ
ሦስተኛም አሳሳች አለ፤ ያረጀ ዳይ። የፊደሉ ጠርዝ ወደ ሳንቲሙ ዙሪያ ይፈስሳል፣ ሜዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ይሻክራል። የ1955 "የድሃ ሰው ድርብ" የሚባለው፣ የመጨረሻዋ 5 ላይ ብቻ ጥላ ያለበት፣ ይኸው ነው። ከ1982 ወዲህ ባሉት ዚንክ ላይ መዳብ በተለበጠባቸው ሳንቲሞች ደግሞ ልባጡ በፊደል ዳር ይሰነጠቅና ግራጫ መስመር ያወጣል፤ ይህም ለጀማሪ ድርብ ይመስለዋል።

ደግሞ አዲሶቹን በአሮጌው መንገድ አትፈልጋቸው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ዳይ በአንድ ጭነት ብቻ ስለሚቀረጽ፣ የሚገኘው ድርብ ትንሽና ብዙ ጊዜ ወደ መሃል ነው። የ2009፣ ሊንከን ግንድ ላይ ተቀምጦ መጽሐፍ የያዘበት፣ ትርፍ ጣት ያወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ናስ ለቃሚ
እግዜር ይስጥልኝ። ዳሩ እንደ ደረጃ ተኝቷል፣ ቁጥሮቹም ከሌላው ሳንቲም ጋር ሲተያዩ ቀጭን ናቸው። ለማረጋገጥ ባጸዳውስ?

ጠርዝ
እንዳትነካው! ማጽዳት የማሽኑን ድርብ አይለውጠውም፤ አንድ ቀን እውነተኛው ቢገጥምህ ግን ዋጋውን የሚገድለው ያ ልማድ ነው። ይህ የ1 ሳንቲም ዋጋ ያለው ነው፤ ለማነጻጸሪያ አስቀምጠው።