ጥቆማ፦ ለተሳቢ የሚሆን የጎማ ንፋስና ሙቀት መቆጣጠሪያ የት ይገኛል?

ባለተሳቢዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅቡቲ መስመር የሚሠራ መኪና ከነተሳቢው አለኝ፤ ጎማው በድምሩ 22 ነው። ያስቸገረኝ ተሳቢው ነው። አዋሽን አልፎ ሙቀቱ ሲጀምር የኋላ ጎማ ይፈነዳል። ጥንድ ስለሆነ አንዱ ንፋስ ሲጨርስ ሹፌሩ አይታወቀውም። ሌላው ጭነቱን ብቻውን ተሸክሞ ይሄድና እሱም ይከተላል። ቫልቭ ላይ የሚጠመድ ሴንሰርና ጋቢና ውስጥ የሚቀመጥ ስክሪን ያለው ዕቃ እንዳለ ሰማሁ። የተጠቀማችሁበት የትኛው ይሻላል? ሲግናሉስ ከተሳቢው መጨረሻ ድረስ ይደርሳል?

የመስመር ልጅ፦
አለቃ፣ ረዳቱ በየማቆሚያው በብረት ይምታው። የሞላ ጎማ ድምፁ ይጮኻል፣ የጎደለው ድፍን ይላል። ስንት ዘመን የነዳነው በዚህ ነው።

ባለተሳቢዋ፦
ይመታል ወንድሜ። ከአዋሽ ሚሌ ድረስ እየሄደ ግን ማን ይመታዋል? የጠየቅኩት መኪናው እየተጓዘ ስላለው ነው።

ሀቀኛው፦
እህቴ፣ እንዳትሸወጂ። እኔ መርካቶ ከአንድ ሱቅ ገዝቼ ጉድ ሆኛለሁ። ሴንሰሩ ውስጥ ያለችው ጎሚኒ ስስ ናት፤ ሴንሰሩ ቫልቩን ገፍቶ ሲከፍተው እሷ በጎን ታስነፍሳለች። ሚሌ ያደረ መኪና ጠዋት ሲታይ ሴንሰር የታሰረባቸው ጎማዎች ቁጭ ብለዋል። ይዤ ስመለስ ሰውዬው ደረሰኙን አዙሮ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን አሳየኝ። ጎማ ጠባቂ ብሎ ጎማ አጥፊ ሸጠልኝ!

ዘመን፦
የቱ ሱቅ ነው? ስሙን ጥቀስና ሌላው ይዳን።

ሀቀኛው፦
ሽማግሌ ገብቶበታል፤ ስም አልጠቅስም።

ዘመን፦
እንዲህ እያላችሁ ነው የሚጫወቱብን። ያልሠራ ዕቃ መመለስ መብት ነው። ደረሰኝ ላይ ስለተጻፈ ብቻ ሕግ ይሆናል እንዴ?

የሶማሌ ተራ ደንበኛ፦
እኔ ሶማሌ ተራ የምገዛበት ልጅ እንዲህ አይሠራም። ከፍሬን ሸራ እስከ ኩሽኔታ ከእሱ ነው የምወስደው። እሱ ጋ ሂጂ፣ አታስቢ።

ባለተሳቢዋ፦
ሴንሰሩን ከእሱ ገዝተህ ታውቃለህ?

የሶማሌ ተራ ደንበኛ፦
ሴንሰር እንኳ አልገዛሁም። ካለው ግን ኦሪጅናል እንደሚሆን እርግጠኛ ነኝ። ሰውየውን አውቀዋለሁ።

ካሣ፦
22 ጎማ በስክሪን ይታይ! መንገዱንና ግመሉንስ ማን ሊያይለት ነው? ለሹፌሩ ሁለት ዓይን ጨምሩለት።

ናይትሮጅን ብቻ፦
ናይትሮጅን አስሞሊ፣ ሙቀት አይነካውም።

ጎሚስታው፦
ናይትሮጅንም ሲሞቅ ይለጠጣል። የምንሞላው ተራ ንፋስ ራሱ 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ የተሳቢሽ ጎማ ካላማዳሪ አለው ወይስ ቱብለስ ነው? መጠኑ 1200 በ20 የሆነ ባለ ካላማዳሪ ከሆነ ቸርኬ ውስጥ የሚታሰረው ሴንሰር አይሆንሽም፤ ከውጭ ቫልቭ ላይ የሚጠመደውን ነው መግዛት ያለብሽ። የውስጠኛው ጎማ ቫልቭ ስለማይደረስበት ማራዘሚያ ያስፈልገዋል። ማራዘሚያው የብረት ይሁን። የላስቲኩ በሴንሰሩ ክብደት እየተወዛወዘ ሥሩ ላይ ይሰነጠቃል። ሀቀኛው ላይ የደረሰውም ከዚህ ሊሆን ይችላል። ከጠመድሽ በኋላ የሳሙና ውኃ ቀቢው፤ አረፋ ከሠራ ያስነፍሳል።

ሀቀኛው፦
የእኔ ማራዘሚያ ብረት ነበር። ችግሩ የሰውዬው ነው።

የዳላሱ፦
እኔ አሜሪካ ተሳቢ እጎትታለሁ፤ ዳላስ ነኝ። እዚህ ቲኤስቲ፣ ኢዝታየርና ታየርማይንደር የሚባሉት ይታወቃሉ። የትኛውንም ብትገዢ ሲግናል ማጉያውን አብረሽ ግዢ። ለረጅም ተሳቢ እሱ ከሌለ የመጨረሻው አክስል ይጠፋብሻል። ማጉያው ተሳቢው ላይ ይታሰራል።

ማንቂያውን እንዲህ አስተካክይ። ጎማው በብርዱ 110 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) የሚሞላ ከሆነ ዝቅተኛውን 95 ላይ አድርጊው። 88 ከደረሰ አምስተኛው እጅ ጎድሏል ማለት ነው፤ ያ ጎማ ዝም ብሎ ተሞልቶ አይነዳም፣ ወርዶ ውስጡ መታየት አለበት። ጠዋት አዲስ አበባ በ15 ዲግሪ 110 የተሞላ ጎማ 40 ዲግሪ ላይ ሲደርስ በአየሩ ሙቀት ብቻ 10 ያህል ይጨምራል። ከደጋ ወደ ሰመራ ሲወርድ ደግሞ የውጭው አየር ግፊት ስለሚጨምር ንባቡ 3 ያህል ይቀንሳል። ሲነዳ የሚፈጠረው ሙቀት ከዚህ በላይ ነው። ቁጥሩ ከፍ አለ ብሎ ሹፌሩ በትኩሱ እንዳያስተነፍሰው አደራ! ሲበርድ ጎድሎ ይገኛል፤ የጎደለ ጎማ ጎኑ እየታጠፈ የባሰ ይግላል።

ሙቀቱን በተመለከተ፣ ቫልቭ ላይ ያለው ሴንሰር ከጎማው ውስጥ ዝቅ አድርጎ ነው የሚያነበው። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ አትመኚ። ሹፌሩ በአንድ አክስል ላይ ያሉትን ያወዳድር። ሦስቱ 55 ሆነው አንዱ 75 ካለ አንድ ነገር አለ። ንፋሱ ሳይጎድል ከጋለ ፍሬኑ ይዞ ወይም ኩሽኔታው እየሄደ ሊሆን ይችላል፤ ቆሞ ይይ።

የፍራንክፈርቱ፦
አውሮፓ ከሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ የሚመዘገብ ከባድ መኪናም ተሳቢም ይህ መቆጣጠሪያ ግዴታው ነው። ያገለገለ ተሳቢ ከዚህ የምታስመጡ ይህን ጠይቁ።

የመስመር ልጅ፦
በኮሮና ጊዜ ግንባር ላይ የሚደቀነው ቴርሞሜትር አይሠራም? ቤት ተቀምጧል።

ጎሚስታው፦
የሰውነቱ 42፣ 43 አካባቢ ያበቃል፤ ለጎማ አይሆንም። የኢንዱስትሪው ዓይነት ግን ጥሩ ነው፤ ሲቆም የፍሬኑን ከበሮም ጎማውንም መለካት ይቻላል።

ባለተሳቢዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በተለይ ጎሚስታውና የዳላሱ። ጎማዬ ባለ ካላማዳሪ ነው። ማጉያውን አዲስ አበባ ያየው አለ?

የሶማሌ ተራ ደንበኛ፦
ደንበኛዬ ጋ ይኖራል አልኩሽ እኮ።

ሀቀኛው፦
መጀመሪያ ይመልስ እንደሆነ ጠይቂው!

ዘመን፦
ዋጋው ስንት ገባ? ኢንቦክስ እንዳትሉኝ፣ እዚሁ ጻፉት።

ካሣ፦
ለሲኖትራክ የፊት ጎማ የሚሸጥ የምታውቁ ጠቁሙኝ።