ወደ ሐዋሳ ሐይቅ የሚወርደው ቦረቦር፦ ክትሮቻችን ለምን ተናዱ? ዘንድሮ ከየት እንጀምር?

የዶሬ ልጆች
ሰላም ለሁላችሁ። ከሐዋሳ ወደ ዶሬ ባፋኖ በሚወስደው በኩል 24 ሆነን የተደራጀን ወጣቶች ነን። የያዝነው ሥራ ጎርፍ ወደ ሐይቁ የሚወርድበትን አንድ ቦረቦር ማዳን ነው። ርዝመቱ 180 ሜትር፣ ጥልቀቱ ከ1 ሜትር ተኩል እስከ 3 ሜትር፣ የወለሉ ስፋት 3 ሜትር አካባቢ ነው። አምና ሰኔ ላይ ሦስት የድንጋይ ክትር (ቦረቦሩን አቋርጦ ጎርፉን የሚገታ ድርድር) ተሠራ፤ ሐምሌ ላይ ደግሞ 800 ችግኝ (ግራቪሊያ፣ ዋንዛና ወይራ) ወለሉ ላይ ተተከለ። ነሐሴ ሳያልቅ ሁለቱ ክትሮች ተናዱ። ሦስተኛው ቆሟል፤ ጎርፉ ግን በጎኑ ዞሮ ዳሩን በልቶታል። ከችግኙ የጸደቀው 60 አይሞላም። የቦረቦሩ ራስም (ከላይ የሚጀምርበት ጫፍ) ወደ ማሳ እየገፋ ነው። ጋቢዮን (ድንጋይ የሚሞላበት የሽቦ ሳጥን) የምንገዛበት ገንዘብ የለም። ያለን ጉልበት፣ ዶማና አካፋ፣ የሁለት ሲኖትራክ ድንጋይ ዋጋም ነው። ባለሙያዎች እባካችሁ።

አፈርና ውሃ
ክትሮቹ የተጎዱበት ሁኔታ ራሱ ምክንያቱን ይናገራል። ውሃ በጎን የሚዞረው ክትሩ መሃሉ ላይ ዝቅ ያለ ማፍሰሻ ሳይኖረው ሲቀር፣ ጫፎቹም ግድግዳው ውስጥ ሳይቀበሩ ሲቀሩ ነው። የተናዱት ደግሞ ከሥር ሳይቦረቦሩ አይቀሩም፦ ውሃው ከአናት ዘሎ ሲወድቅ እግሩን ይቆፍራል፣ ድንጋዩም መቆሚያ ያጣል። የእናንተ አካባቢ አፈር የእሳተ ገሞራ አመድ ያለበት ስለሆነ ይሄ በአንድ ዝናብ ሊሆን ይችላል። ድንጋዩንም ፈትሹ። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውንና በእጅ ሲያነሱት የሚቀለውን ባልዲ ውሃ ውስጥ ጣሉት፤ ከተንሳፈፈ ወይም ለመስጠም ካመነታ ለክትር አይሆንም።

ሥራው ከላይ ይጀምራል። ከቦረቦሩ ራስ በላይ፣ የራሱን ጥልቀት ሦስት እጥፍ ያህል ርቃችሁ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ቆፍሩ። ቁልቁለቱ በ10 ሜትር ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ይበቃዋል፤ ከዚያ ከበለጠ ቦዩ ራሱ ቦረቦር ይሆናል። መድረሻው ሳር የለበሰ ቦታ ይሁን፣ የሰው ማሳ ላይ እንዳትለቁት።

ቀጥሎ ተዳፋቱን ለኩ። እኩል ቁመት ባላቸው ሁለት እንጨቶች ላይ 10 ሜትር ሲባጎ ወጥራችሁ መሃሉ ላይ የግንበኛ ውሃ ልክ አንጠልጥሉ። አረፋው መሃል እስኪቆም የላይኛውን ጫፍ ዝቅ አድርጉ፤ ዝቅ ያደረጋችሁት ልክ የ10 ሜትሩ ቁልቁለት ነው። 60 ሳንቲ ከሆነ ተዳፋቱ 6 በመቶ ነው። በሁለት ክትሮች መካከል ያለው ርቀት የክትሩ ቁመት በ1.2 ተባዝቶ ለተዳፋቱ ሲካፈል ነው። 70 ሳንቲ ቁመት ላለው፦ 0.7 × 1.2 ÷ 0.06 = 14 ሜትር። ለ180 ሜትር 13 ክትር ማለት ነው። በሦስት ክትር መያዝ አይቻልም ነበር። ቁመት የምለው ከወለሉ እስከ ማፍሰሻው ያለውን ነው፤ ድንጋይ በደረቁ ሲደረደር ከ1 ሜትር በላይ አትውጡ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መሠረቱ 50 ሳንቲ ይቆፈር፤ ጫፎቹ በሁለቱም ወገን 60 ሳንቲ ግድግዳው ውስጥ ይግቡ። ማፍሰሻው ከጫፎቹ 30 ሳንቲ ዝቅ ይበል። ከክትሩ በታች 1 ሜትር የድንጋይ ምንጣፍ ከወለሉ እኩል ተቀብሮ ይነጠፍ፤ የወደቀው ውሃ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው፣ ለመቆጠብ ብላችሁ እንዳትተዉት። ትልልቁን ድንጋይ ረጅም ጎኑን ወደ ውስጥ አድርጋችሁ ደርድሩ። ውሃው በሚመጣበት ፊት በኩል ጠጠርና ሳር ጠቅጥቁ፣ አለዚያ ደቃቁ አፈር በድንጋዩ መሃል ያልፋል።

አንዱ ክትር 6 ሜትር ኩብ ድንጋይ ያህል ይበላል። ሁለት ሲኖትራክ 32 ሜትር ኩብ ከጫነላችሁ 5 ክትር ይወጣዋል። እነዚህን ቁልቁለቱ የሚበዛበትና ለቦረቦሩ ራስ ቅርብ የሆነው ቦታ ላይ አውሏቸው። ቀሪዎቹን 8 በእንጨትና ጭራሮ ወይም በጆንያ ሥሩ።

ደሾ ተካይ
ስለ ጆንያው ልጨምር። የእህል ጆንያ ፀሐይ ላይ ከዋለ ተበጣጥሶ ያልቃል፤ ስለዚህ ሳሩ እስኪይዝ ድረስ ያገለግላል ብላችሁ ያዙት። ሦስት አራተኛውን ብቻ ሙሉት፣ ጢም ያለ ጆንያ ከጎረቤቱ ጋር አይገጥምም። እንደ ጡብ መጋጠሚያውን እያለፋችሁ ደርድሩ፣ አናቱንም አፈር አልብሱ። የእንጨት ክትር ከሆነ ችካሉ 60 ሳንቲ መሬት ውስጥ ይግባ፣ በየ40 ሳንቲው ይተከል።

800 ችግኝ ያለቀው በቦታው ምክንያት ነው። ወለሉ በጎርፍ ይጠረጋል፤ እዚያ የዳነ ዛፍ ቢኖርም ግንዱ ውሃውን ወደ ዳር እየገፋ ግድግዳውን ያስበላል። ወለሉን ለሳር ተዉት። ደሾ የሚባለው ሳር ከሁሉም ይሻላችኋል። ከሥሩ ገንጥላችሁ ከ2 እስከ 3 ቡቃያ ያለውን፣ ቅጠሉን 15 ሳንቲ ያህል አስቀርታችሁ፣ በ10 ሳንቲ ልዩነት ትከሉ። ከየክትሩ በላይ፣ ደለል በሚተኛበት በኩል ሦስት መስመር ብታደርጉ ለ3 ሜትር ወለል 90 ግንጣይ ነው፤ ለ13 ክትር ወደ 1,200። በተነቀለ ዕለት ወይም በማግሥቱ ይተከል፣ እስከዚያ እርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ ጥላ ሥር ይቆይ። ዝሆኔ ሳርም ይሆናል፦ 3 አንጓ ያለው ቁራጭ፣ ሁለቱ አንጓ ተቀብሮ፣ ዘንበል ተደርጎ።

ሐምሌን አትጠብቁ። የበልጉን ዝናብ ተጠቅማችሁ ሚያዝያ መጨረሻ ወይም ግንቦት ላይ ሳሩን ካስገባችሁ ዋናው ጎርፍ ሲመጣ ሥር ይዞ ይጠብቀዋል።

ዛፉ ከዳሩ 2 ሜትር ወጣ ብሎ ይሁን። ለዳሩ ሰስፓኒያ (ቶሎ የሚያድግ የመኖ ዛፍ)፣ ከዚያ ወዲያ ዋንዛና ብሳና፤ ወይራ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ከቦረቦሩ ራስ በላይ፣ ጎርፍ የማይነካው ቦታ ላይ። ጉድጓዱ 40 በ40 በ40 ሳንቲ፣ ከአንድ ወር በፊት ተቆፍሮ። ስትተክሉ ፕላስቲኩን በምላጭ ከላይ እስከ ታች ቀዳችሁ አውልቁ። ግርጌው ላይ ሥሩ እንደ ገመድ ተጠምጥሞ ካገኛችሁት የመጨረሻውን 1 ሳንቲ ቁረጡት። ሳይቆረጥ ከተተከለ ሥሩ ክብ እየዞረ ያድግና ዛፉ ውሎ አድሮ በነፋስ ይወድቃል። በዘመቻ ተከላ ላይ ፕላስቲኩን እንደለበሰ የሚቀበር ችግኝ ብዙ ነው፤ የዓመት ልፋት እንዲህ ሲጠፋ ያሳዝናል። ለየአምስት ተካይ አንድ ተቆጣጣሪ መድቡ።

የሐይቅ ዳር
የዶሬ ልጆች፣ በርቱ። ሐይቁ በምድር ላይ መውጫ ወንዝ የለውም፤ የገባው ደለል እዚያው ይቀራል። ከሐዋሳ በስተምሥራቅ ያለው ጨለለቃም ሐይቅ ነበር፣ በደለል ተሞልቶ ዛሬ ረግረግ ሆኗል። አንድ ምክር፦ ከየክትሩ በላይ፣ ደለል በሚተኛበት በኩል በየ10 ሳንቲው ቀለም የተቀባ ችካል ትከሉ። መስከረም ላይ የተኛውን ደለል ጥልቀት፣ ስፋትና ርዝመት አባዙና ለ2 አካፍሉ። 40 ሳንቲ ጥልቀት፣ 3 ሜትር ስፋት፣ 7 ሜትር ርዝመት ከሆነ 4.2 ሜትር ኩብ አፈር ወደ ሐይቁ ሳይገባ ቀርቷል። ድጋፍ ስትጠይቁ ከተተከለው ችግኝ ብዛት ይልቅ ይሄንን ቁጥር አሳዩ።

የዶሬ ልጆች
እግዜር ይስጥልን። አንድ የቀረን፦ ከብት ቦረቦሩ ውስጥ ገብቶ ይግጣል። በሁለቱም ዳር ማሳ ያላቸው አባወራዎች ደግሞ "አጥራችሁ መሬታችንን ልትወስዱ ነው" ይላሉ።

መተዳደሪያ ደንብ
አንድ ችካል ሳትተክሉ ይሄንን ጨርሱ፤ ከብት ከገባ ከላይ የተባለው ሁሉ በአንድ ሳምንት ያልቃል። የአካባቢውን ሽማግሌዎች፣ ባለማሳዎቹንና ቀበሌውን አንድ ላይ አስቀምጡና ሦስት ነገር በጽሑፍ አስፈርሙ። አንደኛ፣ መሬቱ የባለይዞታው እንደሆነ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ሳሩ በግጦሽ ሳይሆን ታጭዶ ይወሰዳል፤ እያንዳንዱ ባለማሳ በማሳው ትይዩ ያለውን ያጭዳል፣ እናንተ ደግሞ የደሾ ግንጣይ እያወጣችሁ የመሸጥ መብት ይኖራችኋል። ሦስተኛ፣ ከብት ያስገባ የሚከፍለው ቅጣት ስንት እንደሆነና ማን እንደሚሰበስብ። ቅጣቱን ሽማግሌዎቹ ይወስኑት፣ ወጣት ሽማግሌ ላይ ቅጣት ሲጥል ነገር ይበላሻል። የመጀመሪያው አጨዳ ሳሩ ጉልበት ላይ ሲደርስ ይሁን፣ ከመሬት 10 ሳንቲ አስቀርቶ።

ለከብቱ ግን መሻገሪያ ስጡት። ውሃ የሚጠጣበት መንገድ ከተዘጋ አጥር ያፈርሳል። ከሁለት ክትሮች መሃል አንድ ቦታ ዳሩን አስተኝታችሁ 3 ሜትር ስፋት በድንጋይ አንጥፉ፤ ቦታውንም ባለከብቶቹ ራሳቸው ይምረጡት።

አፈርና ውሃ
ትክክል። መሻገሪያው ከክትሩ ቢያንስ 5 ሜትር ይራቅ። ክረምቱን ደግሞ ከየትልቁ ዝናብ ማግሥት ሁለት ሰው ዶማ ይዞ ከላይ እስከ ታች ይሂድ፤ የወደቀ አንድ ድንጋይ በዕለቱ ካልተመለሰ ቀጣዩ ጎርፍ የሚገባው በዚያው ነው።