ግሉተን ለማይስማማት ነፍሰ ጡር የሚሆን የጉንፋን ማስታገሻ በሐዋሳ፦ ጥቆማ

ሴሊያክ (በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አንጀትን የሚጎዳበት ሕመም) ያለብዎት ነፍሰ ጡር ሆነው ጉንፋን ሲይዝዎት ምን ቢወስዱ እንደሚሻል ለጠየቁት እህቴ፣ እኔም ይኸው ሕመም እያለብኝ በዚሁ በሐዋሳ የወለድኩ በመሆኔ የማውቀውን ላካፍልዎ። አስቀድሜ የማሳስበው፣ ትኩሳት ካለ ጉንፋን ነው ብሎ መተኛት እንደማይገባ ነው። ከተማችን ወባ ያለባት ስለሆነች፣ በተለይ ክረምቱ ወጥቶ እስከ ኅዳር ባሉት ወራት ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከተሰማዎት በዚያው ቀን ደምዎን ይመርመሩ፤ ወባ በእርግዝና ጊዜ ለእናትም ለፅንስም አደገኛ ነው።

ጉንፋን መሆኑ ከታወቀ፣ ለራስ ምታትና ለትኩሳት የምመርጠው ሌላ ነገር ያልተቀላቀለበትን ፓራሲታሞል ነው። ባለ 500 ሚሊግራሙ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም፤ ከዚያ ባነሰ መጠንና ለጥቂት ቀናት ብቻ ቢወሰድ ደግሞ ይመረጣል። «የጉንፋን» ተብለው የሚሸጡትን ድብልቅ እንክብሎች ግን አልመክርም፤ ብዙዎቹ ፓራሲታሞል ስላለባቸው ሳይታወቅ መጠኑ ይደራረባል፣ አፍንጫ ለመክፈት የሚገቡባቸው ሱዶኤፌድሪንና ፌኒልኤፍሪንም የደም ሥርን ያጠብባሉ። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰዱም፤ በተለይ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የፅንሱን ኩላሊት ሊጎዱና የእንሽርት ውሃውን ሊቀንሱ ይችላሉ። ለታፈነ አፍንጫ የጨው ውሃ ጠብታ ይበቃል።

የግሉተኑ ጉዳይ የሚነሳው እንክብሉን ለማያያዝ ከሚገባው ስታርች ነው። ስታርቹ አብዛኛውን ጊዜ ከበቆሎ ወይም ከድንች ይሠራል፣ አንዳንዴ ግን ከስንዴ ይሆናል። ይህ የሚጻፈው በካርቶኑ ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ ሲሆን፣ እኛ ዘንድ አሥር ፍሬ ተቆርጦ በትንሽ ከረጢት ስለሚሰጠን ወረቀቱ እዚያው መደርደሪያው ላይ ይቀራል። ስለዚህ ካርቶኑን እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ፤ «ስታርች» ብቻ ተብሎ ምንጩ ካልተገለጸ ሌላ አምራች ያማርጡ። ከሰፈር መድኃኒት መደብር ይልቅ ትልልቅ ፋርማሲዎችን የማስቀድመውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ፋርማሲስት አለ፣ አንዱን መድኃኒት ከሁለትና ከሦስት አምራች የማግኘት ዕድልም ይሰፋል።

ከመድኃኒቱ ይበልጥ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ግን ጠያቂ ይዞት ለሚመጣው ነገር ነው። ለታመመ ሰው የሚቀርበው አጥሚት የገብስ፣ የስንዴ ወይም የአጃ ነው፤ ገብስና ስንዴ ግሉተን አላቸው፣ አጃም ብዙውን ጊዜ ከእነርሱ ጋር ይነካካል። በምትኩ የቡላ አጥሚት ያሠሩ። ቡላ ከእንሰት የሚገኝ ስለሆነ ግሉተን የለውም፣ በሲዳማ ምድር ደግሞ ቡላ ፍለጋ ሩቅ አይኬድም። ዱቄቱን ሳይሆን እርጥቡን ይግዙ፤ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው ካጠለሉት በኋላ የፈላ ውሃ ላይ እያማሰሉ ያፍሱት፣ ነጭነቱ ለቆ መስታወት መስታወት ሲል በስሏል ማለት ነው፤ ወተትና ትንሽ ቅቤ ይጨመርበታል። የጤፍ ሙቅም ጥሩ ነው፣ ዱቄቱ ወፍጮ ቤት ከስንዴ ቀጥሎ የተፈጨ እንዳይሆን እንጂ። በሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያችን፣ የአሞራ ገደል፣ የዓሣ ሾርባ ጉሮሮን ያለሰልሳል፤ የስንዴ ዱቄት እንዳልገባበት ግን ሳይጠይቁ አይጠጡ።

ማርና ሎሚ በሙቅ ውሃ፣ ለቅመም ያህል የገባ ዝንጅብልም ሳይቀር፣ ለሳል የምተማመንባቸው ናቸው። ጤና አዳም ግን ማኅፀንን የማኮማተር ባሕርይ ስላለው በቡናም በሻይም ይቅርብዎ። እናቶቻችን ለምች የሚያጠጡን የዳማከሴ ጭማቂም በእርግዝና ጊዜ ደኅንነቱ ያልተረጋገጠ ስለሆነ፣ በፍቅር ቢቀርብልዎም አመስግነው ይመልሱት።

በእርግዝና ክትትል ካርድዎ ላይ ሴሊያክ እንዳለብዎት በጉልህ ያስጽፉ፤ የሚያክምዎት ባለሙያ ቢቀየርም መድኃኒት የሚያዝልዎት ያንን አይቶ ይሆናል።