ባለ ገመድ ማውስ፦ አንዴ ሲጫኑት ሁለቴ ይቆጥራል፣ ገመዱ ሲታጠፍም ይጠፋል፤ እንዴት ይጠገናል?

ጥያቄ፦ ኮፒ ቤት

ሰላም ለሁላችሁም። ቀኑን ሙሉ ለጽሑፍ ሥራ የምንገለገልበት ባለ ገመድ የዩኤስቢ ማውስ ሦስት ችግር አለበት። የግራውን ቁልፍ አንዴ ስጫነው ብዙ ጊዜ ሁለቴ ይቆጥረዋል፤ ፋይል ይዤ ስጎትትም መሃል ላይ ይለቀዋል። ገመዱ ከማውሱ በሚወጣበት ቦታ ላይ ሲታጠፍ ቀዩ መብራት ይጠፋል፣ ኮምፒውተሩም ዕቃ ሲነቀልና ሲሰካ የሚያሰማውን ድምፅ ያሰማል። ስክሮሉን (የመሃሉን ጎማ) ወደ ታች ሳዞር ደግሞ አልፎ አልፎ ገጹ ወደ ላይ ይዘላል። ሶልደሪንግ አይረንና ቴስተር አለኝ፤ ማውስ ግን ፈትቼ አላውቅም። ከሥሩ ብሎን እንኳ አይታየኝም። ከየት ልጀምር? ምን መለዋወጫ ልፈልግ?

መልስ፦ ሽቦ

ሦስቱም ይጠገናሉ። ከመፍታትህ በፊት ግን የግራው ቁልፍ ችግር ከማውሱ መሆኑን አረጋግጥ። ዊንዶውስ ላይ የማውስ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ዋናውን ቁልፍ ከግራ ወደ ቀኝ ቀይረው። አሁን ቀኙ ያለ ችግር ከሠራ፣ የግራው ደግሞ የቀኝ ክሊክን ዝርዝር እያወጣ መልሶ የሚያጠፋው ከሆነ ጥፋቱ ከግራው ቁልፍ ሥር ቦርዱ ላይ ያለው ትንሽ ስዊች ነው። ሁለቱም ከደጋገሙ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሞክረው፤ እዚያ ደህና ከሆነ ማውሱን አትንካው።

ብሎኑ ተደብቆ ነው። ሥሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በአውራ ጣትህ ጫን እያልክ ዳስሰው፤ ጎድጎድ ብሎ የሚሰረጉድበት ቦታ ላይ ብሎን አለ። ወረቀቱ ሥር ከሌለ ማውሱ የሚንሸራተትባቸው ለስላሳ እግሮች ሥር ነው። እግሮቹን በፀጉር ማድረቂያ ለግማሽ ደቂቃ አሙቀህ በምላጭ ጫፍ ቀስ ብለህ አንሣ፣ ማጣበቂያው አቧራ እንዳይነካው ንጹሕ ላስቲክ ላይ አስቀምጣቸው። ካቻቪቴው ትንሹ ባለ መስቀል፣ ፒኤች0 ወይም ፒኤች00 ይሁን። ከዚያ የሚተልቅ ከሆነ የብሎኑን ራስ ይበላዋል።

ርካሽ ማውሶች ብዙ ጊዜ ከኋላ አንድ ብሎን ብቻ ነው ያላቸው፤ ፊታቸው የተያዘው በመንጠቆ ነው። ስለዚህ ከኋላ በኩል ትንሽ ቀና አድርገህ መንጠቆው እስኪለቅ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አነቃንቀው። ጎኑን በካቻቪቴ አትፈልቅቅ። ክዳኑ እንደተነሣ ወዲያው አትንጠቀው፤ አንዳንዱ ከሥረኛው ቦርድ ጋር በቀጭን ሽቦ የተያያዘ ነው። ያለውን ሁሉ ሳትነካ በስልክህ ፎቶ አንሣ፣ በተለይ የስክሮሉን ስፕሪንግ አቀማመጥ። ከቦርዱ ሥር ያለችው ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ሌንስ ናት፤ የሚይዛት ነገር ስለሌለ ቦርዱ ሲነሣ ትወድቃለች። ጠርዟን ይዘህ አንሣት፣ መሃሏን በጣት አትንካ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ገመዱ ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ ነው።

መልስ፦ ቆራሌው

የግራውን ቁልፍ ልቀጥል። ስዊቹ ውስጥ ቀጭን የመዳብ ቅጠል አለች። ስትጫነው ቅጠሏ ጧ ብላ ትገለበጥና ከሌላኛው ጫፍ ጋር ትገናኛለች። ስትገናኝ ሁልጊዜም ትንሽ ትነጥራለች፤ የማውሱ ቺፕ ይህን ስለሚያውቅ ለጥቂት ሚሊሰከንድ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ቅጠሏ ስትደክምና መገናኛው ሲቆሽሽ ንጥረቱ ከዚያ ጊዜ በላይ ይቆያል፣ ቺፑም ሁለት ይቆጥራል። ስትጎትት ፋይሉ የሚለቀውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጣትህ እንደተጫነ ቢሆንም ውስጡ ለቅጽበት ይለያያል።

ብዙ ማውስ ላይ ያለው ስዊች ባለ ሦስት እግር ሲሆን ርዝመቱ 12.8፣ ስፋቱ 5.8፣ ቁመቱ 6.5 ሚሊ ሜትር ነው። የታወቀው የኦምሮን ኩባንያ ዲ2ኤፍሲ-ኤፍ-7ኤን ነው፤ ካይልና ሁዋኖ የሚሠሯቸውም በዚያው ቀዳዳ ይገባሉ። ያንተ 6 በ6 ሚሊ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ስዊች ከሆነ ግን ቁመቱን ከቦርዱ እስከ ጫፉ ለክተህ ልክ ያንኑ ፈልግ። በግማሽ ሚሊ ሜትር ከበለጠ ቁልፉ እንደተጫነ ይቀራል።

ገንዘብ ሳታወጣ የሚሆንም መንገድ አለ፦ የቀኙ ስዊች ብዙ ጊዜ ከግራው ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ የሚሠራውም በጣም ጥቂት ነው። ሁለቱን አቀያይራቸው። ወይም ከሞተ ማውስ የቀኙን ንቀል። መርካቶ አዲስ ስዊች ፍለጋ ከመዞር የተበላሸ ማውስ ማግኘት ይቀላል፣ ስክሮሉና ገመዱም አብረው ይገኛሉ።

ሲነቀል፦ አይረኑን 350 ዲግሪ አካባቢ አድርግ። በመጀመሪያ በሦስቱም እግሮች ላይ አዲስ ሊድ (ቀልጦ የሚበይደውን ሽቦ) እና ፍለክስ (ሊዱ እንዲፈስና እንዲይዝ የሚያደርገውን ቅባት) ጨምር፤ የፋብሪካው ሊድ ብቻውን ቶሎ አይቀልጥም። ከዚያ የቀለጠውን ሊድ በሊድ መምጠጫ ሳብ። መምጠጫ ከሌለህ የአሮጌ የቴሌቪዥን አንቴና ገመድ ውስጥ ያለውን የመዳብ ጥልፍ ፍለክስ ቀብተህ ተጠቀም፣ ሊዱን ጥርግ አድርጎ ይጠጣል። አንድ እግር ላይ ከ3 ሰከንድ በላይ አትቆይ፤ የቦርዱ መዳብ ይላጣል። ስዊቹ ሳይለቅ በኃይል ከሳብከውም እንደዚያው ነው። አዲሱን ስትተክል የስዊቹ መጫኛ ወደየት እንደሚያደላ ከፎቶው ጋር አስተያይ፤ ከተገለበጠ የክዳኑ ምላስ (ከቁልፉ ሥር ስዊቹን የሚጫነው ጉጥ) አያገኘውም። ስዊቹ ቦርዱ ላይ ተደላድሎ መቀመጡን ሳታይ ሦስቱንም እግር አትበይድ።

መልስ፦ ጥገና ቤት

ፈጣን መላ ለሚፈልግ፦ መጫኛው ሥር ደብልዩ ዲ 40 ጠብ አድርጋችሁ ሃምሳ ጊዜ መጫን ነው፤ ይስተካከላል።

መልስ፦ ቆራሌው

ይህን ባታደርጉ ይሻላል። ያ ነገር ዘይት ይተዋል፤ ዘይቱ አቧራ ይሰበስባል፣ መገናኛውንም ይሸፍናል። ለጥቂት ቀን የተስተካከለ መስሎ ተመልሶ ይመጣል። ማጠብ ካስፈለገ ሲደርቅ ምንም የማይተው የኤሌክትሮኒክስ ማጽጃ ወይም 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አልኮል ነው የሚሆነው። ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል ቀሪው በአብዛኛው ውኃ ስለሆነ ከተጠቀማችሁ ሳይደርቅ ኤሌክትሪክ አትስጡት፣ አንድ ሌሊት ይደር። መታጠብ የሚያድነው ግን ቆሻሻውን ብቻ ነው፣ የደከመችን ቅጠል አያጠነክርም።

የስዊቹን ክዳን በምላጭ ከፍቶ ቅጠሏን መልሶ የሚያጎብጥም አለ። ይሠራል። ነገር ግን ቅጠሏ በጣም ትንሽ ናት፤ ከዘለለች ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል፣ መልሶ መትከል ደግሞ ወረንጦና ጥሩ ዓይን ይፈልጋል። ሌላ ስዊች ጨርሶ ካልተገኘ ብቻ ሞክሩት።

ኮፒ ቤት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወረቀቱ ሥር አንድ ብሎን ነበረው፣ ከፈትኩት። የግራና የቀኙን ስዊች አቀያየርኩ፤ የግራው ተስተካክሏል። አሁን ገመዱ ላይ ነኝ። ቀይ ሽቦ የለም! ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴና ጥቁር ናቸው፣ በነጭ ሶኬት ቦርዱ ላይ ይሰካሉ። ሽቦዎቹ ውስጥ ደግሞ ክር የሚመስል ነገር አለ፤ ሊድ አልይዝ አለኝ።

መልስ፦ ሽቦ

የዩኤስቢው ደንብ ቀይ 5 ቮልት፣ ጥቁር ግራውንድ (የኃይሉ መመለሻ)፣ ነጭና አረንጓዴ ዳታ (መረጃ የሚያልፍባቸው) ነው፤ ማውስ ሠሪዎች ግን ብዙ ጊዜ በራሳቸው ቀለም ነው የሚሠሩት። ስለዚህ ቀለም አይተህ ሥራውን አትገምት። አምስተኛው አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ የሚመጣ ጣልቃ ገብ ሞገድን የሚከላከለው ሽፋን ነው።

በመጀመሪያ የተበጠሰበትን ቦታ እወቅ። ቴስተሩን ድምፅ በሚያሰማበት ላይ አድርገህ አንዱን ጫፍ ዩኤስቢው ላይ፣ ሌላውን ነጩ ሶኬት ላይ ይዘህ ገመዱን እጠፍ። ድምፁ የሚቆራረጥበት ሽቦ እሱ ነው። እንዳልከው መውጫው ላይ ከሆነ ከማውሱ ወጥቶ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ሄደህ ቁረጥ፣ ነጩን ሶኬት ግን ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ሽቦ አስቀርተህ ያዘው። ከዚያ ቀለምን ከቀለም ጋር ማገናኘት ብቻ ነው፤ የትኛው ምን እንደሆነ ማወቅ አያስፈልግህም።

የሌላ ማውስ ገመድ የምታስገባ ከሆነ ግን ማወቅ ግድ ነው። ዩኤስቢው ውስጥ ካሉት አራት ስስ ብረቶች ረዘም ያሉት የዳር ሁለቱ የኃይል ናቸው፣ የመሃሎቹ የዳታ። የኃይሎቹን ሽቦዎች በቴስተር ለይ፤ ከዚያ ጫፎቹ እንዳይነካኩ አራርቀህ ገመዱን ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን የስልክ ቻርጀር ላይ ሰካና ለካ። ቴስተሩ ያለ መቀነስ ምልክት (-) 5 አካባቢ ካሳየ ቀዩ ጫፍ የነካው 5 ቮልቱ ነው። ቦርዱ ላይ ከሶኬቱ አጠገብ ብዙ ጊዜ ፊደል ታትሟል፦ ቪ ኃይል፣ ጂ ግራውንድ። ሁለቱ ዳታዎች ቢገለባበጡ ኮምፒውተሩ ዕቃውን አላውቀውም ይላል እንጂ ምንም አይቃጠልም፣ ታቀያይራቸዋለህ። ኃይሎቹ ከተገለባበጡ ግን ቺፑ ሊሞት ይችላል።

ክሩ ገመዱ እንዳይበጠስ የገባ ነው። 5 ሚሊ ሜትር ልጠህ ክሩን ለይና በምላጭ ቁረጠው። መዳቡ አሁንም ሊድ ካልያዘ ቀለም የተቀባ ነው፤ አይረኑ ጫፍ ላይ ጠብታ ሊድ ይዘህ በ380 ዲግሪ ጠብታው ውስጥ አቆየው፣ ቀለሙ ይቃጠልና ይይዛል። ጭሱን አትሳበው።

በሙቀት የሚጨማደደውን ቱቦ ከመበየድህ በፊት አስገባ፤ ከተበየደ በኋላ ማስገቢያ የለውም። መገናኛዎቹን በአንድ መስመር ላይ አታድርግ፣ እያንዳንዱን በ1 ሴንቲ ሜትር ያህል አሳልፈው፤ ያኔ ገመዱ አይወፍርም፣ ቢላጥም አይነካካም። ቱቦ ከሌለ ናስትሮ በቀጭኑ ይበቃል።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር፦ የድሮው የገመድ መያዣ ጎማ ተቆርጧል፣ ስለዚህ መጎተቱ ሁሉ በመበየጃው ላይ ይመጣል። መውጫው ላይ ከውስጥ በኩል ገመዱን በትንሽ የፕላስቲክ ማሰሪያ ጥብቅ አድርገህ እሰረው፤ ማሰሪያው ቀዳዳውን ማለፍ የለበትም። የተበየደው ቦታ ከማሰሪያው ወደ ውስጥ ይሁን። ይህ ካልተደረገ በሌላ ጊዜ እዚያው ይበጠሳል።

ከመሰካትህ በፊት በ5 ቮልቱና በግራውንዱ መካከል ቴስተሩ ድምፅ ማሰማት የለበትም። ካሰማ አትሰካ።

መልስ፦ ጥገና ቤት

የስክሮሉን እኔ ልመልስ። በመጀመሪያ ዓይነቱን ለይ። የጎማው ዘንግ ሦስት እግር ያላት ትንሽ ሣጥን ውስጥ ከገባ ሜካኒካል ነው። ጎማው ራሱ ጥርስ ወይም ቀዳዳ ኖሮት በሁለት ትንንሽ የብርሃን ዕቃዎች መካከል የሚያልፍ ከሆነ ኦፕቲካል ነው፤ እሱ የሚፈልገው ደረቅ ብሩሽ ብቻ ነው፣ አንድ ፀጉር ያሳስተዋል።

ሜካኒካሉ ውስጥ ቅባቱ ሲደርቅና የመገናኛው ብናኝ ሲከማች አቅጣጫው ይሳሳታል፣ ገጹ ወደ ላይ የሚዘለው ለዚህ ነው። ሣጥኗ ውስጥ ማጽጃ አልኮል ጠብ አድርገህ ጎማውን ወዲያና ወዲህ አሽከርክር፣ አድርቅ፣ ድገም። ካልተሻለ ሣጥኗን ቀይር፤ ስትገዛ ወይም ከሌላ ማውስ ስትነቅል ከቦርዱ እስከ ቀዳዳዋ መሃል ያለውን ቁመት ለካ። 7፣ 9 እና 11 ሚሊ ሜትር የተለመዱ ናቸው። ካልገጠመ ጎማው ክዳኑን ይፍቃል፣ ወይም የመሃሉ ክሊክ አይሠራም።

ኮፒ ቤት

ገመዱ ሠራ፣ ስክሮሉም ከሁለት እጥበት በኋላ አልዘለለም። ክዳኑን ስገጥም ግን የግራው ቁልፍ ሳልነካው እንደተጫነ ይቀራል። ክዳኑ ሲነሣ ደህና ነው።

መልስ፦ ቆራሌው

ሁለት ቦታ እይ። ሽቦው ከቁልፉ ሥር አልፎ ከሆነ ወደ ጎን አሳልፈው፤ ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ሽቦው ካልሆነ ስዊቹ ከቦርዱ ትንሽ ከፍ ብሎ ተበይዷል፤ እግሮቹን አንድ በአንድ እያሞቅህ ከላይ በጣት ጫን በለውና አስቀምጠው። በተቃራኒው ቁልፉ ላላ ካለ፣ የክዳኑ ምላስ ተፍቆ ጎድጉዷል ማለት ነውና አንድ ቁራጭ ስኮች ለጥፍበት፣ ከአንድ በላይ አትደርብ። የማውሱን መንሸራተቻ እግሮች መልሰህ የምትለጥፈው ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካበቃ በኋላ ነው።