ክርክር፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ቤት ገዝቶ ማከራየት ያዋጣል?

አስተባባሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሪያድ ያለ አንድ ወንድማችን ባጠራቀመው ብር ደሴ ወይስ ኮምቦልቻ ቤት ልግዛ ብሎ ጠይቆናል። አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ አትግዛ እያለው ነው። እስቲ እንነጋገርበት።

ከኮምቦልቻ፦ እኔ ኮምቦልቻ እላለሁ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሐምሌ 2009 ሲመረቅ ግቢዬ ውስጥ አራት ክፍል ሰርቪስ ሠራሁ። የፋብሪካ ልጆች ሦስትም አራትም ሆነው ይከራዩኝ ነበር። ቢራ ፋብሪካው አለ፣ ጨርቃ ጨርቁ አለ። ሠራተኛ ባለበት ተከራይ አይጠፋም።

ከደሴ፣ ጢጣ፦ ፋብሪካው ሲቆምስ ወንድሜ? ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ሁለቱም ከተማ ገባ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ደግሞ አሜሪካ አገራችንን ከአጎዋ፣ ማለትም ዕቃ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከምንልክበት ዕድል፣ አስወጣቻት። ደሴ ነጋዴው አለ፣ የመንግሥት ሠራተኛው አለ፣ ተማሪው አለ። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። የደሴንም ጉድ ግን አልደብቅም። ከተማዋ ተዳፋት ላይ ናት፣ መሬት ይንሸራተታል። ቤቱን በጋ ላይ አይታችሁ እንዳትገዙ። ክረምት ላይ ሂዱና ግድግዳውን፣ የጎርፉን መውረጃ እዩ።

ከኮምቦልቻ፦ እሱስ እውነትህን ነው። ከጦርነቱ በኋላ ሁለቱ ክፍሎቼ ለወራት ባዶ ቆይተዋል።

ከሪያድ፦ ጠያቂው እኔ ነኝ፣ አላህ ይስጥልኝ። ደላላው "የቤት ዋጋ አይወርድም፣ ዝም ብለህ ግዛ" ይለኛል። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ሪያሌ ብዙ ብር ያወጣልኛል።

ከደሴ፣ ባንክ የምሠራ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሂሳቡን ሥራ። ቤቱ 6 ሚሊዮን ነው፣ በወር 20,000 ይከራያል እንበል። በዓመት 240,000 ነው፣ 4 በመቶ ማለት ነው። እድሳቱ፣ የኪራይ ግብሩ፣ ባዶ የሚቆይበት ወር ገና አልተቀነሰም። የባንክ ቁጠባ ወለድ ዝቅተኛው 7 በመቶ ነው። እርግጥ ያንን ወለድ የኑሮ ውድነቱ ይበላዋል፣ እኔም ለዚህ ነው ቤት የምመርጠው። ግን የምትገዛው ኪራዩን ሳይሆን "ዋጋው ይጨምራል" የሚለውን ተስፋ መሆኑን እወቅ። ደላላ የሚነግርህ ባለቤቱ የጠራውን ዋጋ ነው። አንተ ጎረቤት ያለው ቤት በስንት እንደተሸጠ አጣራ። ሦስት ወር ገዢ ያጣ ቤት የተጠራበት ዋጋ ምንም አይነግርህም።

ካርታውስ ነባር ይዞታ ነው ወይስ ሊዝ፣ ማለትም ከመንግሥት ለተወሰነ ዓመት በክፍያ የተያዘ መሬት? የመኖሪያ ሊዝ 99 ዓመት ነው፣ ያልተከፈለ የሊዝ ክፍያ ካለ ወደ አንተ ይዞራል። አጎቴ ከጅዳ ሆኖ በውክልና ገዛ። ብሩ ከተከፈለ በኋላ ቤቱ የብድር መያዣ ሆኖ ተገኘ። ሦስት ዓመት ፍርድ ቤት ተመላልሷል፣ ሲያወራው አሁንም እንባው ይመጣል። እዳና እገዳ ማጣሪያውን የራስህ ሰው ማዘጋጃ ሄዶ ያውጣ። ደላላው አይሁን።

ከወልድያ፣ መምህር፦ እኔ ተከራይ ነኝ። ከውጭ የመጣ ብር ቤት ላይ ሲፈስ የሚወደድብን እኛ ነን። ገዝቶ ቆልፎ የሚተው አለ፣ ይህ ያመኛል። የምትገዛ ከሆነ አከራየው። የኪራይ አዋጁ 1320/2016 ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። ክልሉ ከተማህን አካቶ እንደሆነ ጠይቅ፣ ባያካትትም በዚያው ልክ ተዋዋል።

ከሪያድ፦ ቆልፌ አልተውም፣ ወላሂ። ሰኞ ታናሽ ወንድሜ ማዘጋጃ ይሄዳል። ቤቱን ደግሞ እናቴ ሐምሌ ላይ ታየዋለች፣ እስከዚያ ቀብድ አልሰጥም።