ጥቆማ፦ ለድሬ ሙቀት የሚሆን ዩኒፎርም የት እናሰፋ? ጨርቁስ የቱ ይሻላል?

ሰላም ድሬዎች። ምዝገባ ስለደረሰ ነው መሰለኝ በውስጥ መስመር "ዩኒፎርም የት አሰፋሽ" የምትሉኝ በዝታችኋል፣ ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ልዘርግፈው። ይሄ ጥቆማ ለደጋ ልጅ አይሆንም፣ ቀድሜ ልናገር። እዛ ሹራብ ላይ ጃኬት ይደረባል፣ እኛ ደግሞ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ቁጭ ብለን ግንቦትና ሰኔ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ ልጆቻችን ቆርቆሮ ጣሪያ ስር እስከ ጉሮሯቸው ተቆልፈው ሒሳብ ይሠራሉ። እኛ ወላጆች እቤት በሽርጥና በዲሪያ (ስሱ ሰፊ የሴት ቀሚስ) ነን፣ ልጁ ክራቫት አስሯል፣ በረኛው ደግሞ የላይኛዋን ቁልፍ ከፍተህ መጣህ ብሎ ይመልሰዋል።

ወደ ገበያ ከመሄዳችሁ በፊት ትምህርት ቤቱ የሰጣችሁን ወረቀት አውጥታችሁ አንብቡት። የልጆቼም የጎረቤቶቼም ወረቀት ላይ ያየሁት ቀለምና ሞዴል ነው፣ ስለ ጨርቁ አንድም ቃል የለበትም። ሰማያዊ ሸሚዝ፣ ጥቁር ሱሪ፣ ኪሱ ላይ አርማ፣ አለቀ። ስለዚህ ደንቡን ሳትጥሱ ልጁን ከግማሽ በላይ ማሳረፍ ትችላላችሁ ማለት ነው፣ ጨርቁን እናንተ ከመረጣችሁ።

አሁን ወደ ማወዳደሩ።

ከትምህርት ቤት የሚሸጠው ዝግጁ፦ የሚመቸው ለወላጅ ነው እንጂ ለልጅ አይደለም። አንዴ ከፍለህ ትወጣለህ፣ ቀለሙ አይሳሳትም፣ አርማው ተሰፍቶ ነው የሚመጣው። ጨርቁ ግን እኔ ያየሁት ሁሉ አንጸባራቂው ፖሊስተር ነው፣ ላብ አይመጥም፣ ጀርባ ላይ ይለጠፋል፣ በዛ ላይ ቁጥሩ "ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ" ስለሆነ ቀጭንና ረጅም ልጅ ያለው ሰው ጉዱ ነው። ግድ ካላሏችሁ እለፉት። ግድ ካሏችሁ "አርማውን ብቻ ለብቻው ሽጡልኝ" ብላችሁ ጠይቁ፣ ብዙዎች በትህትና ሲጠየቁ ይሰጣሉ፣ አንዳንዱ ፊቱን ያጠቁራል ግን ይሰጣል።

ከገበያ ዝግጁ (ታይዋንና አሸዋ ከሚባሉት የድሬ ገበያዎች)፦ ምርጫ አለ፣ ዋጋውም በድርድር ይወርዳል፣ ዋጋ እዚህ የማልጽፈው በየሳምንቱ ስለሚቀያየር ነው። ችግሩ "መቶ ፐርሰንት ጥጥ ነው" የማይል ነጋዴ የለም። አንገቱ ላይ ያለችውን መለያ እዩ፣ 65 ፖሊስተር 35 ጥጥ የሚል ካገኛችሁ ለሱሪ ይሆናል፣ ለሸሚዝ ግን ጥጡ የሚበዛበትን ፈልጉ። መለያውንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አትመኑት፣ ለብቻው የሚሰፋ ነገር ነው። ለአጭር እጅጌ ነጭና ሰማያዊ ሸሚዝ አሸዋን እመርጣለሁ፣ ጠዋት በጊዜ ሂዱ፣ ከ6 ሰዓት በኋላ ማንም የለም፣ ለምን እንደሌለ ታውቁታላችሁ።

ጨርቅ ገዝቶ ማሰፋት፦ የኔ ምርጫ ይሄ ነው። ለሸሚዝ የጥጥ ፖፕሊን፣ ስስ የሆነውን። ለሱሪና ለጉርድ ስስ ካኪ ወይ የጥጥና የፖሊስተር ቅልቅል። ጋባርዲን ያምራል፣ ተኩሱም ይቆማል፣ ግን ይከብዳል፣ ለድሬ አልመክርም። ቴትሮን የሚሏችሁን ደግሞ ለሸሚዝ አትንኩት፣ ፖሊስተር ነው። ጥጥ ከክብደቱ 8 በመቶ ገደማ እርጥበት ከአየር ይይዛል፣ ፖሊስተር ግማሽ በመቶ እንኳን አይሞላም፣ ላቡ የት ይሂድ? ልጁ ላይ ይቀራል።

ጥጥ መሆኑን ማወቂያ፦ ከጨርቁ ዳር ሁለት ሦስት ክር መዛችሁ በክብሪት ለኩሱት (ሱቁ ውስጥ ሳይሆን ውጪ ወጥታችሁ፣ አደራ)። ጥጥ ከሆነ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ ሲነኩት ብን የሚል አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ከሆነ ቀልጦ ይኮማተርና ሲበርድ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሠራል። ቅልቅል ከሆነ ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ ያሳያችኋል። ናሙና ቆርጦ የማይሰጥ ነጋዴ ካጋጠማችሁ ወደሚቀጥለው ሱቅ።

ሐረር ወጥቶ ማሰፋት፦ ሳቁብኝ፣ ግን ሁለት ሦስት ልጅ ላለው ያዋጣል። ጀጎል ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ በሚወስደው፣ "መኪና ግርግር" በሚባለው መንገድ ልብስ ሰፊዎቹ ተደርድረው ነው የሚሠሩት፣ ጨርቁም እዛው ከሱቆቹ ይገዛል፣ አንዱ ጋ ወረፋ ከበዛ አጠገቡ ሌላ አለ። 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በደንገጎ ዳገት ስትወጡ ለራሳችሁም ትቀዘቅዛላችሁ። ለአንድ ሸሚዝ ግን ትራንስፖርቱ ይበልጣል፣ ተዉት።

መልሶች

የሳቢያን እናት፦ እህቴ እግዜር ይስጥልኝ። የኔ ጥያቄ ጥጥ አይደበዝዝም ወይ? ታላቁ የለበሰውን ታናሹ ይለብሰዋል ብዬ ነው የምገዛው፣ ፖሊስተሩ ሁለት ልጅ አሳድጎልኛል፣ ካውያም አይፈልግም። መብራት በሚጠፋበት ቀን ጥጥ ሸሚዝ ማን ይተኩሳል?

ጥቆማ ሰጪዋ፦ እውነትሽን ነው፣ እሱ ላይ አልከራከርሽም። ጥጥ ይጨማደዳል፣ ቀለሙም ይለቃል፣ በተለይ ደማቅ ቀለም ከሆነ። እኔ የማደርገው ሱሪውን ቅልቅል፣ ሸሚዙን ጥጥ ነው። ሱሪው ለታናሹ ይተርፋል፣ ሸሚዙ አይተርፍም፣ ይሄን አምኜ ነው የምገባበት። ሲታጠብ ገልብጦ ማጠብና ጥላ ላይ ማስጣት ብዙ ያቆየዋል፣ የኛ ፀሐይ ቀለም አይምርም። ከገመዱ ሳይደርቅ ወዝ እያለው አውርደሽ በእጅሽ ዘርግተሽ ካጣጠፍሽው ደግሞ ካውያ ባይነካውም በረኛ አያስመልስም።

ልብስ ሰፊው ከገንደ ቆሬ፦ የጨርቁ ነገር ጥሩ ተነግሯል፣ እኔ የስፌቱን ልጨምር ምክንያቱም ጥሩ ጨርቅ አምጥቶ "ልክክ አድርገህ ስፋው" የሚል ወላጅ አለ፣ ልክክ ካለ ጥጥም ያፍናል አቦ። አየር መግባት አለበት። ብብቱ ሰፋ ይበል፣ ኮሌታው ውስጥ የሚገባውን ደረቅ ጨርቅ ስሱን አድርጉበት በሉ፣ ብዙ ልብስ ሰፊ ያገኘውን ወፍራም ነው የሚከተው፣ ልጁ አንገቱን የሚያክከው እሱ ነው። የሴት ልጅ ጉርድ ላይ ገበር የማድረግ ልማድ አለ፣ ያ የሚያንሸራትት ገበር ፖሊስተር ስለሆነ ከውጪ ጥጥ ለብሳ ከውስጥ ላስቲክ እንደለበሰች ቁጠሩት፣ ወይ ይቅር ወይ በስስ ጥጥ ይተካ። ከሁሉም በላይ ጨርቁን ከመስጠታችሁ በፊት አንዴ ውኃ ውስጥ ነክራችሁ አድርቁት፣ ጥጥ መጀመሪያ ሲታጠብ ይሰበሰባል፣ ከተሰፋ በኋላ ሲያጥር ከኛ ጋር ነው የምትጣሉት። የሱሪ ታች ደግሞ አራት ጣት እጥፋት አስቀሩ፣ ልጅ ነው፣ ያድጋል።

መምህር ነኝ፦ ሁላችሁም ደንቡን ስትረግሙ ዝም ማለት አቃተኝ። ዩኒፎርም ባይኖር ባለሀብቱ ልጅ በየቀኑ ሌላ ጫማ አድርጎ ይመጣል፣ የሊስትሮው ልጅ ደግሞ መምጣት ያቆማል፣ አይቼዋለሁ። አዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዩኒፎርም በነፃ ማደል የጀመረችውም ይሄ ሸክም ስለታየ ነው። ክራቫትና ሹራብን በተመለከተ ግን ከናንተ ጋር ነኝ። ከሰዓት ፈረቃ የሚያስተምር ሰው ያውቀዋል፣ 8 ሰዓት ላይ ግማሹ ክፍል ደብተር እያራገበ ነው፣ እኔም ራሴ ጋዎኔን አውልቄ ነው የማስተምረው፣ ከዛ ተማሪውን ሹራብህን ልበስ ማለት ያሳፍራል።

ባለ ሦስት ልጅ፦ መምህር፣ ታዲያ ለምን ስብሰባ ላይ አትናገሩልንም?

መምህር ነኝ፦ እናንተ ስትናገሩ ይበልጥ ይሰማል። ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) ስብሰባ ላይ "ዩኒፎርም ይቅር" ብሎ የሚነሳ ወላጅ አለ፣ እሱ ወዲያው ይዘጋበታል። እንዲህ ብላችሁ ሂዱ፦ ከመጋቢት እስከ ሰኔ ሹራብና ክራቫት በፈቃድ ይሁን፣ አጭር እጅጌ ይፈቀድ፣ ለዝቅተኛ ክፍል ቁምጣ ይፈቀድ፣ ቀለሙ አይነካም። በጽሑፍ፣ ብዙ ወላጅ ፈርሞበት። ርዕሰ መምህሩ እምቢ የሚልበት ምክንያት ያጣል፣ ቀለም ነው የሚያሳስበው።

የከዚራ ልጅ፦ እንግሊዝ አገር ኤክሰተር ላይ በ2017 እ.ኤ.አ. ሰኔ ሙቀት ሲበረታ ቁምጣ የተከለከሉ ወንድ ተማሪዎች ጉርድ ቀሚስ ለብሰው ትምህርት ቤት ገቡ፣ ደንቡ ሱሪ ወይ ጉርድ ስለሚል ማንም መመለስ አልቻለም፣ ትምህርት ቤቱም በኋላ ቁምጣ እፈቅዳለሁ አለ። እኛ ደግሞ ሽርጥ አለን 😂 አንድ ቀን ክፍሉ በሙሉ ሽርጥ ታጥቆ ቢመጣ ነው።

ጥቆማ ሰጪዋ፦ 😂😂 ሐሳቡን ለልጄ እንዳታሳየው። በነገራችን ላይ እዛ እኮ ያን ጊዜ የሞቃቸው ከኛ የግንቦት ቀን አይበልጥም።

ባለ ሦስት ልጅ፦ ስለ ጫማና ካልሲ ማንም አላነሳም። ጥቁር ጫማ ግዴታ ነው፣ ከገበያ የማገኘው ቆዳ መሳዩ ነው፣ ልጁ ሲያወልቅ ከሽታው የተነሳ ቤት ውስጥ ምግብ አይበላም።

ጥቆማ ሰጪዋ፦ ወረቀቱ "ጥቁር ጫማ" ብቻ ካለ ጥቁር ሸራ ጫማ ግዢ፣ ያናፍሳል፣ ይታጠባል። "የቆዳ" ካለ እውነተኛ ቆዳ ይሁን፣ አንበሳ ጫማን የመሰለ የአገር ውስጥ ምርት ቢወደድም ከዛ ቆዳ መሳይ ይሻላል፣ እሱ ታጥፎ ሲሰነጠቅ ትጥይዋለሽ፣ ቆዳ ግን ሊስትሮ ያድሰዋል። ካልሲ ጥጥ ይሁን፣ ሁለት ጥንድ ገዝተሽ በየቀኑ ቀይሪለት፣ ጫማውንም ማታ ውጪ አናፍሺው። ካናቴራ ደግሞ ሙቀት ይጨምራል ብላችሁ የምታስወልቁ አላችሁ፣ ፖሊስተር ሸሚዝ ግድ ለሆነበት ልጅ ስስ የጥጥ ካናቴራ ከውስጥ ቢኖር ላቡን እሱ ይይዝለታል፣ እኔ ለትንሿ እንደዛ ነው የማደርገው።

ኡሙ ሰላም፦ ለሴት ልጆች ሂጃብስ? የትምህርት ቤቱ ቀለም ይሁን ይላሉ፣ የሚሸጠው የሚያንሸራትተው ነው፣ ልጄ ቀኑን ሙሉ ስታስተካክል ነው የምትውለው።

ልብስ ሰፊው ከገንደ ቆሬ፦ እህቴ ለሱ ዝግጁ አትግዢ። ለዲሪያ ከሚሆነው ስስ ጥጥ ውስጥ ቀለሙ የሚሄደውን ፈልጊ፣ ቀፊራም አሸዋም ዞር ዞር ብትዪ አታጪውም፣ የሸሚዟን ቁራጭ ይዘሽ ሂጂ እንዳይሳሳትብሽ። ጠርዙን ማጠፍ የደቂቃ ሥራ ነው፣ ጥጥ ስለሆነ ራሷ ላይ ይይዛል፣ መርፌ ቁልፍም ብዙ አያስፈልጋትም። ከሸሚዙ ጋር አብረሽ አምጪው፣ ብቻ ነሐሴ ሳያልቅ፣ ጳጉሜ ላይ የመጣ ሰው መስከረም አጋማሽ ነው የምሰጠው።